«ይሁዳ ምን ያድርግ? ተጽፎበት ነው»

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሰሙነ ሕማማት በደረሰ ቁጥር አንድ ጥያቄ አብሮ ይነሣል። «ይሁዳ ምን ያድርግ? አስቀድሞ ተጽፎበት የለም ወይ? እርሱ ጌታን አሳልፎ ባይሰጠው ኖሮ እንዴት እንድን ነበር?» ይባላል። ይህ ጥያቄ ለይሁዳ ከማዘን ብቻ የሚመጣ አይመስለኝም። እኛም ስንወድቅ «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው»፣ «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» ማለት ይቀናናል፤ ይሁዳ ከተጠያቂነት ካመለጠ እኛም አብረን እናመልጣለን።

ወንጌሉ ግን እንዲህ አይልም። «ምን ልትሰጡኝ ትወዳላችሁ?» ያለው ይሁዳ ራሱ ነው (ማቴ 26፥15)። ወደ ካህናት አለቆች በገዛ እግሩ ሄደ፣ ዋጋ ጠየቀ፣ 30 ብር መዘኑለት። ሐሳቡም ድንገት የመጣበት አልነበረም። ከረጢቱን የሚይዘው እርሱ ነበርና ከሚገባው ገንዘብ ይሰርቅ ነበር (ዮሐ 12፥6)። የአልዓዛር እኅት ማርያም ሽቱውን በጌታ እግር ላይ ስታፈስስ የሽቱው ዋጋ 300 ዲናር ያንገበገበው ለድሆች አዝኖ አይደለም። ማንም ሳያየው ከከረጢቱ ሲወስድ የኖረ እጅ ነው በመጨረሻ ለ30 ብር የተዘረጋው።

ጌታ ደግሞ ምን እንዳደረገለት ተመልከቱ። በዚያች ሌሊት እግሩን አጠበው። እንጀራ አጥቅሶ ሰጠው። «ለዚያ ሰው ወዮለት» ብሎ አስጠነቀቀው፤ መመለስ የማይችልን ሰው ማን ያስጠነቅቃል? በጌቴሴማኒ ከሳመው በኋላ እንኳ «ወዳጄ ሆይ» አለው። በሰሙነ ሕማማት እርስ በርስ መሳሳምን የምንተወው ያንን መሳም እያሰብን ነው። ብዙ ጊዜ ግን የይሁዳን ክፋት ብቻ አስበን የጌታን ትዕግሥት እንረሳዋለን።

እግዚአብሔር አስቀድሞ አያውቅም ነበር ወይ? ያውቅ ነበር። እናት ዘወር ስትል የትኛው ልጇ ማር እንደሚቀምስ ታውቃለች፤ እጁን ይዛ ወደ ማሰሮው የከተተችው ግን እርሷ አይደለችም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም ስለዚሁ ሲያስተምር፣ ያዳነን የይሁዳ ክህደት ሳይሆን የክርስቶስ ጥበብ ነው ይላል። ይሁዳ የፈለገው ብሩን ነበር እንጂ የእኛን መዳን አልነበረም።

ጴጥሮስንም እናስበው። ስለ እርሱ የተነገረው እንዲያውም ይበልጥ የተቆረጠ ነበር፤ በዚህች ሌሊት፣ ዶሮ ሳይጮኽ፣ ሦስት ጊዜ። እርሱ ግን «ጌታ ራሱ ትክደኛለህ ብሎኝ የለም?» ብሎ አልተከራከረም። ወደ ውጭ ወጥቶ መራራ ልቅሶ አለቀሰ።

ይሁዳም ተጸጽቷል። ብሩን መልሶ «ንጹሕ ደም አሳልፌ በመስጠቴ በድያለሁ» አለ። በማንም አላመካኘም፤ በዚህስ ከብዙዎቻችን ይሻላል። ነገር ግን ኑዛዜውን የወሰደው ብሩን ወደ ከፈሉት ወደ ካህናት አለቆች ነው። እነርሱም «እኛስ ምን አግዶን? አንተው ተጠንቀቅ» ብለው አሰናበቱት (ማቴ 27፥4)። ያን ሰዓት ጌታ ገና አልተሰቀለም ነበር። በዚያው ቀን ወንበዴውን በገነት የተቀበለ አምላክ ይሁዳ ቢመጣ ይገፋው ነበር ወይ? ይህን ሳስብ ልቤ ይነካል።

ነፃ ፈቃድ አለን ስንል በራሳችን ጉልበት እንቆማለን ማለታችን አይደለም። «ያለ እኔ ምንም ልታደርጉ አትችሉም» ብሎናል (ዮሐ 15፥5)። ሲራክ እንዳስተማረው እሳትም ውኃም በፊታችን ተቀምጧል (ሲራ 15፥16)፤ እጃችንን ወደ ውኃው ስንዘረጋ የሚያጸናው የእርሱ ጸጋ ነው፤ መዘርጋቱን ግን ለእኛ ትቶልናል።

እንግዲህ ወደ ንስሐ አባታችን ስንቀርብ ጎረቤትንም፣ የትዳር ጓደኛንም፣ የኑሮ ውድነትንም፣ ሰይጣንንም ትተን «እኔ አደረግሁት» ብለን እንጀምር። ለዓመታት ሸሽጋችሁ ያቆያችሁት ነገር ካለ ደግሞ ጾም እስኪገባ አትጠብቁ፤ በዚህ ሳምንት ሂዱ።