«ፕሪሚዬ ክሩ» ለምን ሁለተኛ ደረጃ ሆነ? የሻብሊ ወይን ጠጅ መለያዎች

በፈረንሳይ የቡርጎኝ ምድር ሰሜናዊ ጫፍ፣ በሴረን ወንዝ ግራና ቀኝ የሚመረተው የሻብሊ ነጭ ወይን ጠጅ ከሻርዶኔ ወይን ብቻ የሚጠመቅ ቢሆንም፣ በጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው መለያ አራት ደረጃዎች ስላሉት ገዢውን ግራ ያጋባል። ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው «ፕሪሚዬ ክሩ» የሚለው ነው፤ «ፕሪሚዬ» አንደኛ፣ «ክሩ» ደግሞ የወይን ማሳ ማለት ሲሆን፣ በደንቡ ግን ከ«ግራን ክሩ» (ታላቅ ማሳ) ቀጥሎ ሁለተኛ ነው። ሻብሊና ፔቲ ሻብሊ ከእነዚህ በታች ይከተላሉ።

ደረጃው የሚሰጠው ለአምራቹ ሳይሆን ለመሬቱ መሆኑን አጥብቆ መያዝ ያስፈልጋል። ግራን ክሩ የሚባለው ከሻብሊ ከተማ ማዶ፣ በወንዙ ቀኝ ዳር ባለው ተዳፋት ላይ የሚገኝ 100 ሄክታር ገደማ መሬት ሲሆን፣ ሌ ክሎን፣ ቫልሙርንና ቮዴዚርን ጨምሮ ሰባት ማሳዎች አሉት። በፕሪሚዬ ክሩ ዘንድ ደግሞ ትንሹ ማሳ በትልቁ ስም እንዲጠራ ስለሚፈቀድ፣ የቮሎራን ማሳ ወይን ጠጅ በራሱ ስም ወይም «ፎርሾም» ተብሎ ሊሸጥ ይችላል። አንዱን ማሳ ብዙ ባለቤቶች ስለሚከፋፈሉትም የአምራቹን ስም ማንበብ፣ በእኔ እምነት፣ ደረጃውን ከማንበብ አይተናነስም።