ቡሽና ብሌየር ዋሹ? በኢራቅ ጦርነት ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

በማርች 2003 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቡሽና የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ብሌየር ሳዳም ሁሴን የጅምላ ጨራሽ መሳሪያ አለው ብለው ኢራቅን ወረሩ፣ መሳሪያው ግን አልነበረም። ይሄ ጦርነት ከተነሳ ሁሉም የሚለው አያጣም። በቀደም ቡና ላይ ተቀምጠን አንዱ ጓደኛዬ "ያኔ እኮ አለም በሙሉ ነው የተሸወደው" አለ፣ ሌላው "ኧረ መሳሪያው በኋላ ተገኝቷል" ብሎ ተከተለ፣ ሶስተኛው ደግሞ "ብሌየር መዋሸቱ በኮሚሽን ተረጋግጧል" ብሎ ዘጋው። ሶስቱም ልክ አይደሉም፣ ግን ሶስቱም ውስጥ ትንሽ ትንሽ እውነት አለች፣ ክርክሩ የማያልቀውም ለዛ ይመስለኛል። (አመተ ምህረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

"ያኔ ሁሉም ሰው አምኖ ነበር፣ የነቃው በኋላ ነው"

የትኛው ህዝብ? ጦርነቱ ሊጀመር ወር ከምናምን ሲቀረው፣ ፌብሯሪ 15 ቀን 2003፣ በመቶዎች በሚቆጠሩ ከተሞች ሰው በአንድ ቀን አደባባይ ወጥቷል። ለንደን ላይ አንድ ሚሊዮን ገደማ፣ ሮም ላይ ደግሞ ሶስት ሚሊዮን ተብሎ ጊነስ ላይ ሰፍሯል። የቱርክ ፓርላማ የአሜሪካ ጦር በመሬቴ አያልፍም ብሎ ማርች 1 ላይ ዘጋ። በብሌየር ካቢኔ ውስጥ የነበረው ሮቢን ኩክ ደግሞ ማርች 17 ስልጣኑን ለቀቀና ፓርላማ ቆሞ ኢራቅ እኛ በምንረዳው ትርጉም የጅምላ ጨራሽ መሳሪያ የላትም ይሆናል አለ፣ ያውም ጦርነቱ ሳይጀመር። በማግስቱ ፓርላማው 412 ለ149 ጦርነቱን አፀደቀ።

አሜሪካ ግን ሌላ ነበር። ጦርነቱ እንደተጀመረ ከመቶ ሰባ ሁለቱ ውሳኔው ልክ ነው ይል ነበር፣ ሴፕቴምበር 11 ገና ሁለት አመት አልሞላውማ። እዛም ቢሆን በኦክቶበር 2002 ለጦርነቱ ፈቃድ ድምጽ ሲሰጥ ከተወካዮች ምክር ቤት 133፣ ከሴኔት 23 ሰው እምቢ ብሏል። ስለዚህ "ሁሉም ተሸውዶ ነበር" የሚለው ወሬ ማንን እንደሚጠቅም ገብቷችኋል፣ ሁሉም ከተሳሳተ ማንም አይጠየቅም።

"ቡሽ ሴፕቴምበር 11ን ያደረገው ሳዳም ነው ብሏል"

ይሄ የሚገርመው ነው፣ እንደዛ ብሎ በግልጽ የተናገረበት ቦታ የለም። ግን በኦገስት 2003 ዋሽንግተን ፖስት ባሰራው የህዝብ አስተያየት 69 ከመቶው ሳዳም በጥቃቱ እጁ ሳይኖርበት አይቀርም ብሎ ያምን ነበር። ካልተባለ ከየት መጣ? ለኛ ሰው ይሄ አይከብድም፣ ሰምና ወርቅ ነው በቃ። ንግግሮቹ ላይ ሳዳም፣ አልቃይዳ፣ ሴፕቴምበር 11 ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ ሰሙ "ሽብርን እንዋጋ" ነው፣ ወርቁን የሚፈታው ሰሚው ራሱ ነው፣ ሲጠየቁ ደግሞ "እኛ መቼ አልን" ማለት ይቻላል። በእርግጥም ሴፕቴምበር 17 ቀን 2003 ቡሽ ራሱ ሳዳም በጥቃቱ ለመሳተፉ ማስረጃ የለንም አለ። ያኔ ግን ባግዳድ ከተያዘች አምስት ወር አልፎ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

"የተሳሳቱት የስለላ መስሪያ ቤቶቹ ናቸው፣ ፖለቲከኞቹ የተነገራቸውን ነው ያወሩት"

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ አስተዋይ ሰው ይሄን ይቀበላል። ስለላው ተሳስቷል፣ አዎ። መሳሪያውን ሲፈልግ የከረመው የአሜሪካ ቡድን መሪ ዴቪድ ኬይ በጃንዋሪ 2004 ሴኔት ፊት ቀርቦ ሁላችንም ማለት ይቻላል ተሳስተናል ብሏል። ግን ከስለላው ጠረጴዛ እስከ ማይክራፎኑ ድረስ ባለው መንገድ ላይ "ይሆናል" የሚለው "ነው" ሆኖ ነው የደረሰው።

የአሉሚኒየም ቱቦዎቹን እዩ። ኢራቅ የፈለገቻቸው ለኒውክሌር መሳሪያ የሚሆን ዩራኒየም ለማበልጸግ ነው ተባለ። የአሜሪካ ኢነርጂ መስሪያ ቤት ባለሙያዎች፣ ስራቸው ይሄ የሆነ ሰዎች፣ ቱቦዎቹ ለተራ ሮኬት ነው የሚመስሉት ብለው ነበር፣ የውጭ ጉዳይ መስሪያ ቤቱ የስለላ ክፍልም አልተስማማም። ለህዝብ የደረሰው ግን ሌላው ግማሽ ነው። ኢራቅ ከኒጀር ዩራኒየም ልትገዛ ነበር የተባለውም እንደዛው፣ ማስረጃ የተባሉት ወረቀቶች ትክክለኛ እንዳልሆኑ የአለም አቀፉ አቶሚክ ኤጀንሲ ሃላፊ ኤልባራዳይ ማርች 7 ቀን 2003 ለጸጥታው ምክር ቤት ተናግሯል፣ ይሄም ጦርነቱ ሳይጀመር ማለት ነው።

ደግሞ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፓወል ፌብሯሪ 5 ጸጥታው ምክር ቤት ፊት ያችን ትንሽ ብልቃጥ ይዞ ሲናገር የጀርም መሳሪያ ይሰራባቸዋል ስለተባሉ ተንቀሳቃሽ ላብራቶሪዎች ያወራው ነገር ዋና ምንጩ ጀርመን የገባ አንድ ኢራቃዊ ስደተኛ ነበር፣ በስለላው አለም ከርቭቦል ይሉት ነበር፣ ጀርመኖቹ ራሳቸው በሰውዬው ላይ ጥርጣሬ ነበራቸው። በ2011 ለአንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ ፈጥሬ ነው ያወራሁት ብሎ አረፈው። ፓወል ያ ንግግር በስሜ ላይ ያለ ጥቁር ነጥብ ነው ብሎ በኋላ አምኗል፣ ለዚህ እንኳን አከብረዋለሁ።

እንግሊዝም የራሷ አላት። በሴፕቴምበር 2002 የብሌየር መንግስት ያወጣው ዶሴ ኢራቅ በ45 ደቂቃ መሳሪያ ልትተኩስ ትችላለች አለ። መረጃው ስለ ጦር ሜዳ መሳሪያ ነበር፣ አጭር ርቀት ማለት ነው፣ ዶሴው ግን ይሄን አልጻፈም፣ ጋዜጦች ቆጵሮስ ያሉት የእንግሊዝ ጦር ሰፈሮች በ45 ደቂቃ ሊመቱ ነው ብለው በትልቁ ሲያትሙት ያረማቸው የለም። እኔ በበኩሌ ዝምታውንም ከማታለል ነው የምቆጥረው።

"መሳሪያው እኮ በኋላ ተገኝቷል"

የተገኘ ነገር አለ። ከ2004 እስከ 2011 የአሜሪካ ወታደሮች ወደ 5,000 የሚጠጉ አሮጌ የኬሚካል ጥይቶች አግኝተዋል፣ የተጎዱ ወታደሮችም አሉ፣ ይሄን ኒውዮርክ ታይምስ በ2014 አወጣው። ግን እነዚህ ከ1991 በፊት የተሰሩ፣ ብዙዎቹ የዛጉና የፈሰሱ፣ የኢራን ጦርነት ዘመን ትርፍራፊዎች ናቸው። ሳዳም ኬሚካል አልነበረውም የሚል ማንም የለም፣ በ1988 ሃላብጃ ላይ የጨረሳቸው ኩርዶች ምስክር ናቸው። ለጦርነቱ የተሰጠው ምክንያት ግን አሁን የሚሰራ ፕሮግራምና ክምችት አለው የሚል ነበር፣ ኬይን ተክቶ የፍለጋ ቡድኑን የመራው የዱልፈር ሪፖርት በ2004 ያ እንደሌለ ዘጋው።

"የቺልኮት ሪፖርት ብሌየር ዋሽቷል ብሏል"

አላለም። የእንግሊዝ መንግስት ጦርነቱን እንዲያጣራ ያቋቋመው ኮሚቴ ያወጣው፣ ሰባት አመት የፈጀው፣ 2.6 ሚሊዮን ቃል ያለው ሪፖርት በጁላይ 2016 ሲወጣ ያለው፣ ሰላማዊ አማራጭ ሳያልቅ ነው የተገባው፣ የስጋቱም መጠን የቀረበው ማስረጃው በማይደግፈው እርግጠኝነት ነው የሚል ነው። ህጋዊ ነው አይደለም የሚለውን አልፈረደም። ብሌየር ለቡሽ በጁላይ 2002 ምንም ቢመጣ ካንተ ጋር ነኝ ብሎ የጻፈውን ግን ሁሉም አነበበው። 179 ወታደር የሞተባቸው የእንግሊዝ ቤተሰቦች "ውሸታም" የሚለውን ቃል ፈልገው ብዙዎቹ ሳያገኙ ሄዱ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፣ እዚህ ላይ ማደሩ አስራ ሶስት አመት ፈጀ።

"ኢትዮጵያም ጦር ልካ ነበር"

አልላከችም። ማርች 2003 አሜሪካ ባወጣችው የደጋፊ አገሮች ዝርዝር ላይ ስሟ አለ፣ ያ ብቻ። የሚያስቀው ኤርትራም እዛው ዝርዝር ላይ ነበረች፣ ከሶስት አመት በፊት በባድመ የተላለቁት ሁለቱ።

"ህዝብ መታለሉን ሲያውቅ ወዲያው ይቀጣል"

ቢሆን ጥሩ ነበር። ቡሽ በኖቬምበር 2004 እንደገና ተመረጠ፣ ኬይም ዱልፈርም ተናግረው ካበቁ በኋላ። ብሌየርም በሜይ 2005 አሸነፈ፣ የፓርላማ ብልጫው ከ167 ወደ 66 ቢወርድም። በአንጻሩ ስፔን ላይ ዘጠና በመቶ ገደማ የሚሆነው ህዝብ ጦርነቱን ሲቃወም ጠቅላይ ሚኒስትሩ አዝናር ገባበት፣ ማርች 11 ቀን 2004 ማድሪድ ባቡር ላይ ከ190 በላይ ሰው ሲያልቅ መንግስት የባስክ ተገንጣዩ ቡድን ኢታ ነው ያደረገው ብሎ ችክ አለ፣ ህዝቡ እውነቱን ንገሩን እያለ ወጣ፣ ከሶስት ቀን በኋላ ፓርቲው በምርጫ ወደቀ፣ ያሸነፈው ሳፓቴሮም ጦሩን ከኢራቅ አስወጣ። እዛ ህዝቡን ያስቆጣው የድሮው ውሸት ላይ የተደረበው የዛ ሳምንቱ ነው።

ሌላው ቦታ ቅጣቱ የመጣው ዘግይቶ፣ ሌላ ሰው ላይ ነው። ኦገስት 2013 ደማስቆ አጠገብ ጉታ ላይ ህዝብ በመርዝ ጋዝ አለቀ። የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ካሜሮን ሶሪያን እንምታ ብሎ ፓርላማ ሲቀርብ ክርክሩ ሁሉ ኢራቅ ኢራቅ ሆነ፣ 285 ለ272 ተሸነፈ። በሴፕቴምበር የተባበሩት መንግስታት መርማሪዎች ሳሪን መሆኑን አረጋገጡ። የዛኔው እውነት ነበር።