የፔዳል ፍሬን ምንድን ነው? ስለማይጠብቀው ፍሬን

«ፍሬኑ ላልቷል፤ ዳዶውን ትንሽ ጠበቅ አድርገው።» ይህች ምክር የፈጀችውን ኩሽኔታ ማን ይቆጥረዋል! የብስክሌት ፔዳል ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚይዘው ፍሬን የሚጠብቅ የሚላላ ነገር የለውም። ከጎን የሚታየው ዳዶ የኩሽኔታው ነው።

ፍሬኑ ያለው የኋላው ሞዞ (የጎማው እምብርት) ሆድ ውስጥ ነው። የመጥረቢያ ዛቢያ ሲላላ ጫፉ ላይ ሽብልቅ ይመታበታል፤ እንጨቱ ከውስጥ ሰፍቶ የብረቱን ዓይን ይይዛል። እዚህም ያው ነው። ሽብልቁ ሾጣጣ ብረት ነው፣ የሚሰፉት ሸራዎቹ ናቸው (እንደ መኪናው ሸራ ልበላቸው እንጂ እነሱም ብረት ናቸው)፣ ዓይኑ የሞዞው የውስጥ ግድግዳ፣ መዶሻው እግር። ልዩነቱ፣ መጥረቢያው ላይ ሽብልቁ እንዳይወጣ ይፈለጋል፤ ብስክሌቱ ላይ ግን ወደ ፊት በተረገጠ ቁጥር መውጣት አለበት። ስለዚህ ሾጣጣው ጥምዝ ጥርስ ላይ ወዲያና ወዲህ ይሄዳል።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቡሎን ሲዞር ዳዶው አብሮ ከዞረ ካለበት ንቅንቅ አይልም፤ አንድ ነገር ለዘብ አድርጎ ሊይዘው ይገባል። ሾጣጣውን እንዲህ የምትይዘው አንዲት ትንሽ ሞላ ናት። እሷ ስትሰበር ወይም ስትደክም ፔዳሉ ወደ ኋላ ባዶውን ይሽከረከራል። «ላልቷል» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው፤ መድኃኒቱ ሞዞውን ፈትቶ ሞላዋን መቀየር ነው።

ዳዶው የሚነካው ጎማው ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ ብቻ ነው። ኮኑ (ከዳዶው ሥር ሆኖ ኩሽኔታውን የሚይዘው) ጨዋታው እስኪጠፋ ይጠብቅና ከ1/8 እስከ 1/4 ዙር ይመለሳል፤ ከዚያ ኮኑን በቁልፍ ይዞ የላዩን ዳዶ መቆለፍ። መቆለፉ ራሱ ትንሽ ስለሚያጠብቅ እንደገና ይፈተሻል፦ የኋላውን ጎማ አንስታችሁ ወደ ፊት አሽከርክሩት። ፔዳሉን እየጎተተ ካዞረው ጠብቋል። ቸርኬው ጋ በጣት የሚሰማ ቅንጣት ጨዋታ ቢቀር ግን ጉዳት የለውም።

«ግራሶ ከነካው አይዝም» የሚል ደግሞ አለ። ይህ የጎማ ሸራ ላለው ፍሬን ይሠራል። ብረት በብረት ላይ ያለ ግራሶ ሲፈጭ ይጮሃል፣ ይቧጨራል፣ ከዚያም ባላሰቡት ሰዓት ድርቅ ብሎ ይይዛል። ሙቀት የሚችል ግራሶ ሸራዎቹም ላይ ይቀባል። በ1976 በካሊፎርኒያ ማሪን የተጀመረው የቁልቁለት ውድድር «ሪፓክ» (እንደገና መሙላት) የተባለው እኮ በዚህ ነው፤ እየወረዱ ግራሶው ጨሶ ስለሚያልቅ ታች ሲደርሱ ሞዞውን ፈትቶ እንደገና መሙላት ግድ ነበር። ለሆላንድ ሜዳ ጥሩ ፍሬን ነው፤ ለእንጦጦ ቁልቁለት ግን ብቻውን አይታመንም።

ጎማ ፈትቶ የገጠመ ሁሉ የሚረሳት ነገር ደግሞ በግራ በኩል ያለችው የብረት ክንድ ናት። በማሰሪያዋ ከብስክሌቱ ቱቦ ጋር ካልታሰረች ፍሬኑ ሲያዝ ፔርኖውን (የሞዞውን መሃል ዘንግ) ይዛ ትዞራለች፣ ኮኑን ታላላለች ወይም ታጠብቃለች፣ ሲብስም ራጂው (የጎማው ሽቦዎች) ውስጥ ትገባለች።

ካቴናው (ሰንሰለቱ) መሃሉ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጫወት። ከወለቀ ሞዞው ደህና ሆኖም ፍሬን የለም፤ ስለዚህ የፊቱ ፍሬን ተፈትቶ አይጣል።