ዩታይሮይድ ሲክ ሲንድሮም ምንድን ነው?

በጠና የታመመ ሰው፣ ለምሳሌ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኛ ሕፃን፣ የእንቅርት ዕጢው ደህና ሆኖ ሳለ የሆርሞን ምርመራው ዝቅ ብሎ ሲመጣ የሚሰጠው ስም ነው።

ዕጢው በብዛት የሚያመነጨው ቲ4 የተባለውን ሆርሞን ነው። ሰውነት የሚሠራበት ቲ3 ግን በአብዛኛው የሚገኘው ጉበትንና ኩላሊትን በመሳሰሉ አካላት ውስጥ፣ ከቲ4 ላይ አንድ አዮዲን ሲነሳ ነው። ይህን የሚያደርጉት ኢንዛይሞች ሴሊኒየም የተባለ ማዕድን በውስጣቸው የያዙ ናቸው። ሴፕሲስ (ኢንፌክሽን አካላትን ሲያውክ)፣ ከባድ የሳንባ ምች ወይም የልብ ቀዶ ሕክምና ሲያጋጥም የኢንዛይሞቹ ሥራ ይዳከማል፤ ቲ4ም ወደማይሠራው ተገላቢጦሽ ቲ3 ይዞራል። ቲ3 በሰዓታት ውስጥ ይወርዳል፣ ሕመሙ ሲጠና ቲ4ም ይከተላል። ዕጢውን የሚያዘው የአንጎል ሆርሞን ቲኤስኤች መጨመር ሲገባው ግን ባለበት ይቆያል ወይም ትንሽ ይቀንሳል። ዕጢው ራሱ ቢደክም ኖሮ በጣም ከፍ ይል ነበር።

በደም ውስጥ ሴሊኒየምና ዚንክም አብረው ይወርዳሉ። ይህ ሁልጊዜ እጥረት ማለት አይደለም፤ ሰውነት ከኢንፌክሽን ጋር ሲታገል ዚንክ ከደም ወጥቶ ጉበት ውስጥ ይከማቻል። መዳብ ደግሞ ተሸካሚ ፕሮቲኑ ስለሚበዛ ይጨምራል። ሲአርፒ (የብግነት መለኪያ የደም ምርመራ) አብሮ ካልታየ የዚንክ ቁጥር ብቻውን ብዙም አይናገርም።

የምርመራው ስህተት የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከናሙናው ነው። የተራ ቱቦ የጎማ ክዳን ዚንክ ሊጨምርበት ይችላል፤ ቀይ ሴሎቹ የፈረሱ ደምም እንዲሁ። ስለዚህ ናሙናው ከጥቁር አንበሳ ወጥቶ ቸርችል ጎዳናን ተሻግሮ ወደ ውጭ ላብራቶሪ የሚሄድ ከሆነ፣ ለዚንክ በተዘጋጀ ቱቦ ተቀድቶ ሴረሙ (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ቀድሞ ይለይ። መድኃኒቶችም ውጤቱን ይቀይራሉ፦ ዶፓሚንና ስቴሮይድ ቲኤስኤችን ይጫናሉ፣ የደም ማቅጠኛው ሄፓሪን ነፃ ቲ4ን በውሸት ከፍ ያደርጋል። መጠየቂያው ወረቀት ላይ መጻፍ ያለባቸው እነዚህ ናቸው (ማንም ባይጽፋቸውም)።

ቁጥሩን ብቻ አይቶ ታይሮክሲን (በመድኃኒት መልክ የሚሰጥ ቲ4) መጀመር አይመከርም። ሕፃኑ ሲያገግም ቲኤስኤች ለጊዜው እስከ 20 ሚሊ ዩኒት በሊትር ሊደርስ ስለሚችል፣ ከዳነ ከ6 ሳምንት ገደማ በኋላ መድገም ይሻላል። ከ20 በላይ ከሆነ፣ ወይም ጨቅላው ቢጫነቱ ከቆየ፣ ምላሱ ከተለመደው ከገዘፈ፣ እምብርቱ ከወጣና ሆድ ድርቀት ካለበት ግን ዕጢው ራሱ ደክሞ ሊሆን ስለሚችል 6 ሳምንት መጠበቅ አደገኛ ነው፤ አእምሮው ሊጎዳ ይችላል።

ለተቅማጥ የሚሰጠው ዚንክ የተለየ ጉዳይ ነው፦ ከ6 ወር በታች በቀን 10 ሚሊግራም፣ ከዚያ በላይ 20፣ ለ10–14 ቀን። ለከባድ የምግብ እጥረት በሚሰጡት በኤፍ-75 ወተት ወይም በፕላምፒነት እየታከመ ላለ ሕፃን ግን አይጨመርም፤ ምግቡ ውስጥ አለ፣ ሲበዛም መዳብ እንዳይመጠጥ ያግዳል።