የሞዴል ሮኬት ማቀጣጠያ ፍተሻ በደሴና በኮምቦልቻ ሁኔታ

በሞዴል ሮኬት ሥራ ማቀጣጠያ የሚባለው በሞተሩ የጭስ መውጫ በኩል ገብቶ፣ የኤሌክትሪክ ጅረት ሲያልፍበት ግሎ ነዳጁን የሚያስነሳ ቀጭን ሽቦ ነው። በ1957 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዋ ሰው ሠራሽ ሳተላይት ስፑትኒክ ከመጠቀች በኋላ የአሜሪካ ታዳጊዎች በየጓሯቸው በሠሯቸው ሮኬቶች ብዙዎች ስለተጎዱ፣ ከርቀት በኤሌክትሪክ ማስነሳት የሞዴል ሮኬት ዋና የደኅንነት ሕግ ሆኖ ጸንቷል። ባሩድና ሌላ የሚቀጣጠል ቅባት ቤት ውስጥ መቀመም ግን ለባለሙያ የሚተው ሥራ ነው፤ እዚህ የሚዳሰሰው ባዶ ሽቦን ከሞተር ውጭ መፈተሽ ብቻ ነው።

ለዚህ የሚመረጠው ኒክሮም፣ የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ ሲሆን፣ የሚቀልጠው 1,400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ነው። ደሴ ገበያ ላይ በቀላሉ የሚገኘው የኤሌክትሪክ ምድጃ ሬዚስታንስ ከተመሳሳይ ዓይነት ቅይጥ ሊሠራ ቢችልም ወፍራም በመሆኑ እጅግ ብዙ ጅረት ይጠይቃል። ውፍረቱ 0.2 ሚሊሜትር የሆነ 2 ሴንቲሜትር ኒክሮም የሚኖረው ተቃውሞ፣ ማለትም ጅረትን የመግታት ባሕርይው፣ 0.7 ኦም ያህል ነው።

ማቀጣጠያው ሳይግል ሲቀር ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ሽቦው ነው፤ ጥፋቱ ግን በአብዛኛው የመስመሩና የባትሪው ነው። በ9 ሜትር ርቀት ለመቆም ደርሶ መልሱ 18 ሜትር የሆነ፣ 0.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ስፋት ያለው የመዳብ ገመድ ቢዘረጋ፣ የገመዱ ተቃውሞ ብቻውን 0.6 ኦም ስለሚደርስ ግማሽ ያህሉ ኃይል ማቀጣጠያው ጋ ሳይደርስ በመንገድ ይባክናል። ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ በአጭር ገመድ ፍም የመሰለ ሽቦ ሜዳ ላይ ሳይግል ቢቀር የሚያስደንቅ አይደለም፤ ፍተሻው መደረግ ያለበት በእውነተኛው ገመድ ነው። የባትሪ ውስጣዊ ተቃውሞ በብርድ ስለሚጨምር፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደሴ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ የተገኘ ውጤት፣ ዝቅ ብላ በምትገኘው በሞቃታማዋ ኮምቦልቻ ከቀትር በኋላ ከተገኘው ይለያል። የደጋው አየር መሳሳት ሽቦው በዝግታ እንዲቀዘቅዝ ቢያግዝም ጥቂት ነፋስ ይህን ጥቅም ያጠፋዋል።

የመስመሩ አለመበጠስ የሚጣራው ጥቂት ሚሊአምፔር ብቻ በሚያሳልፍ ዲጂታል ቴስተር ነው፤ በአምፖል የሚሠራ መፈተሻ ስስ ማቀጣጠያን ሳይታሰብ ሊያስነሳ ይችላል። ቁልፉ ተጭኖ ሮኬቱ ካልተነሳ ደግሞ መስመሩ ከባትሪው ተነቅሎ 60 ሰከንድ ሳይሞላ ማንም ወደ ሮኬቱ አይጠጋም።