የነባር ሕዝቦች ጥናት፦ ከሜጀር ጎን የሚያዝ ማይነር

በሰሜን አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ተማሪ ከሜጀሩ፣ ማለትም ከዋና የትምህርት መስኩ ጎን ማይነር የሚባል አነስ ያለ ሁለተኛ መስክ መያዝ ይችላል። ሜጀሩ ነርሲንግ ወይም ጂኦሎጂ ይሁን፣ ማይነሩ ፍጹም ሌላ መስክ ቢሆን ችግር የለውም። የነባር ሕዝቦችን (ከውጭ ሰፋሪዎች በፊት በአገሩ የነበሩትን) ባህልና ጉዳይ የሚያጠናው ማይነር በካናዳ፣ በአሜሪካ፣ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል። ኮርሶቹ ጥቂት ናቸው። በአሜሪካ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 21 ክሬዲት ይሆናል።

ጉዳዩ ግን ሰፊ ነው። በተባበሩት መንግሥታት ግምት የነባር ሕዝቦች ቁጥር ወደ 476 ሚሊዮን ይጠጋል፤ የሚኖሩትም በ90 ያህል አገሮች ነው። አንድ ማይነር ይህን ሁሉ አይሸፍንም፤ ልሸፍን ካለ ደግሞ ከቅምሻ አያልፍም። ደህና ፕሮግራም የሚጀምረው ዩኒቨርሲቲው ከቆመበት መሬት ነው። በካናዳ ሬጂና ያለ ተማሪ ስለ አካባቢው ነባር ሕዝብ ስለ ክሪዎች ይማራል። በኒውዚላንድ ኦክላንድ ያለው ደግሞ ስለ ማኦሪዎችና እነሱ ከእንግሊዝ ዘውድ ጋር በ1840 ስለፈረሙት የዋይታንጊ ስምምነት። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ትምህርቱ ከአስተዳደር ቢሮ በጎ ፈቃድ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ተማሪዎች ታግለውለታል። በ1968 መጨረሻ በካሊፎርኒያ በሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ኮሌጅ የተጀመረው የተማሪዎች አድማ ወራት ፈጀ፤ በ1969 የብሔረሰቦች ጥናት ኮሌጅ ተከፈተ። በዚያው ዓመት በካናዳ ትሬንት ዩኒቨርሲቲ፣ በአሜሪካም የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የራሳቸውን ፕሮግራም ጀመሩ። በኅዳር 1969 በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ያለችውን የአልካትራዝ ደሴት ለተቃውሞ ከያዙት ነባር አሜሪካውያን ብዙዎቹ የካሊፎርኒያ ተማሪዎች ነበሩ። በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ የሚኖሩት ናቫሆዎች ደግሞ ማንንም ሳይጠብቁ በ1968 የራሳቸውን ኮሌጅ አቋቁመው ነበር። ዛሬ ዲኔ ኮሌጅ ይባላል።

ከዚያ በፊት ስለ ነባር ሕዝቦች የሚጠና ነገር ጠፍቶ አልነበረም። በአንትሮፖሎጂና በታሪክ ክፍሎች ሞልቷል። ችግሩ አጥኚውም ጸሐፊውም በአብዛኛው የውጭ ሰው መሆኑ ነው። ሕዝቡ መረጃ ይሰጣል፤ ጽሑፉ ላይ ግን ድምፁ የለም። አዲሱ መስክ ሊቀይር የተነሳው ይህንኑ ነው። የማይነሩ ዋና ጥያቄም እስከ ዛሬ ድረስ እዚሁ ላይ ያለ ይመስለኛል፦ ስለ ማን፣ ማን ይናገራል?

የሃቫሱፓይ ጉዳይ በምርምር ሥነ ምግባር ኮርሶች የሚነሳው ለዚህ ነው። ሃቫሱፓዮች በአሜሪካ አሪዞና በግራንድ ካንየን ሸለቆ የሚኖሩ ትንሽ ሕዝብ ናቸው። ከ1990 ጀምሮ የስኳር በሽታን ለማጥናት ተብሎ ደማቸውን ለአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰጡ። በኋላ ናሙናው ለአእምሮ ሕመምና ለጥንት ፍልሰት ጥናት ጭምር መዋሉን ሰሙ። ከየት እንደመጡ የሚናገር የራሳቸው ትውፊት ስላላቸው ይህ በጣም ነካቸው። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2010 ዩኒቨርሲቲው 700,000 ዶላር ለመክፈልና የተረፈውን ደም ለመመለስ ተስማማ።

የሕግ ኮርሱ ብዙዎች የሚፈሩት ነው፤ ለእኔ ግን ከሁሉም ደስ የሚለው እሱ ነው። ኤዲ ማቦ በአውስትራሊያ ታውንስቪል በጄምስ ኩክ ዩኒቨርሲቲ አትክልተኛ ነበር። ከዩኒቨርሲቲው የታሪክ መምህራን ጋር ሲጨዋወት አንድ ነገር ተነገረው፦ አያት ቅድመ አያቶቹ የኖሩበት፣ ከአውስትራሊያ በስተሰሜን ያለው የመር ደሴት መሬት በሕግ የእሱ አይደለም፣ የመንግሥት ነው። ከሌሎች የደሴቲቱ ሰዎች ጋር ሆኖ ከሰሰ። ክሱ አሥር ዓመት ፈጀ። በሰኔ 1992 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አውስትራሊያ እንግሊዞች ሲመጡ ባለቤት አልባ ነበረች የሚለውን አስተሳሰብ ውድቅ አደረገ። ማቦ ግን ከጥቂት ወራት በፊት አርፎ ነበር። ዛሬ የዩኒቨርሲቲው የታውንስቪል ቤተ መጻሕፍት በስሙ ይጠራል።

በካናዳም በ1997 ደልጋሙክ በሚባለው የነባር ሕዝቦች የመሬት ክርክር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የአፍ ታሪክ እንደ ማስረጃ ክብደት ሊሰጠው ይገባል አለ። ሽማግሌዎች በቃል ያቆዩት የዘር ሐረግና የመሬት ወሰን ከተጻፈ ሰነድ እኩል መመዘን ጀመረ ማለት ነው። ታሪክ ለሚያጠና ተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በካናዳ ትምህርቱን ወደ መድረክ ያወጣው ሌላው ጉዳይ ለነባር ሕዝቦች ልጆች የተከፈቱት የአዳሪ ትምህርት ቤቶች ነው። ወደ 150,000 የሚጠጉ ልጆች ከወላጆቻቸው ተወስደው ቋንቋቸውን እንዳይናገሩ ተከልክለው አድገዋል። ጉዳዩን የመረመረው የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን በ2015 ካወጣቸው 94 ጥሪዎች መካከል የሕክምና፣ የነርሲንግና የሕግ ተማሪዎች ይህን ታሪክ እንዲማሩ የሚጠይቁ አሉ። የዊኒፔግና የሌክሄድ ዩኒቨርሲቲዎች በ2016 ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎቻቸው ቢያንስ አንድ ኮርስ ግዴታ አደረጉ። ግዴታ መሆኑ ያከራክራል። ተገዶ የገባ ተማሪ ክፍሉን ሊያደፈርሰው ይችላል፤ ሸክሙም የሚያርፈው በመምህሩና በነባር ሕዝብ ተማሪዎች ላይ ነው።

ማይነሩ ግን በምርጫ የሚያዝ ነው። ከመመዝገብ በፊት ሁለት ነገር ማየት ይጠቅማል። አንደኛ፣ ከመምህራኑ ስንቶቹ ከነባር ሕዝቦቹ ናቸው? ሁለተኛ፣ የቋንቋ ኮርስ አለ ወይ? ክሪ፣ ናቫሆ፣ ሃዋይኛ ወይም ማኦሪ የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ቋንቋ ከመግቢያ ኮርሶቹ ይልቅ ጊዜ ይበላል፤ በተለይ የናቫሆ ግሥ ፈረንጆቹን ራስ ያዞራል። አንድ ሴሚስተር ብቻ ወስዶ ማቆም ስለማያዋጣ፣ ክሬዲቱን ሲያከፋፍሉ ለሁለተኛው ሴሚስተርም ቦታ መተው ነው።