ፒኤክስፔክት ምንድን ነው?

አንዳንድ ፕሮግራም ጥያቄ ያበዛል። «ልቀጥል?» ይላል፤ «የስ» ብላችሁ ኢንተር ትነካላችሁ። ለአንድ ጊዜ ምንም አይደል። ለ40 ሰርቨር 40 ጊዜ ሲሆን ግን ያሰለቻል።

የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋው ፓይተን ለዚህ ሰብፕሮሰስ የሚባል ሞጁል (ዝግጁ የኮድ ጥቅል) አለው። ፕሮግራሙን ያስነሳና መልሶቹን አንዴ ያቀብለዋል። ከየመልሱ በኋላ አዲስ መስመር ማስገባት እንዳትረሱ፤ የኢንተር ምትክ እሱ ነው። አብዛኛው ፕሮግራም ስታንዳርድ ኢንፑት በሚባለው በር የገባለትን ያነባል፤ ሰው ይጻፈው ወይም ስክሪፕት (እኛ የጻፍነው ትንሽ ኮድ) ግድ የለውም። የጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል የማይቀያየር ከሆነ ከዚህ በላይ አትድከሙ።

ጉዱ ያለው ፓስወርድ ላይ ነው። ከሩቅ ሰርቨር ጋር የሚያገናኘውን ኤስኤስኤች የተባለ ፕሮግራም በዚሁ መንገድ ሞከርኩት። ስክሪፕቴ ፓስወርዱን አቀበለው፤ እሱ ግን ዞር ብሎም ሳያየው ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት፣ ተርሚናሉ ላይ፣ እኔኑ ጠየቀኝ። ኮዴ ውስጥ ስህተት ስፈልግ ግማሽ ቀን ሄደ። ለካ ኤስኤስኤች ፓስወርድ የሚያነበው በዚያ በር ሳይሆን በቀጥታ ከተርሚናሉ ነው።

ፒኤክስፔክት የተባለው የፓይተን ላይብረሪ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ለፕሮግራሙ የውሸት ተርሚናል ይከፍትለታል፤ ፕሮግራሙም ፊቱ ሰው የተቀመጠ ይመስለዋል። ከዚያ ሥራው መጠበቅና መመለስ ነው። ኤክስፔክት የተባለው ትእዛዝ የነገራችሁትን ጽሑፍ ይጠብቃል፤ ሴንድላይን ደግሞ መልሱን ከነኢንተሩ ይልካል። የሚጠበቀው ካልመጣ፣ ካልቀየራችሁት በቀር፣ በ30 ሰከንድ ተስፋ ቆርጦ ስህተት ይጥላል። እኔ ፓስወርድ ከሚለው ቃል የመጀመሪያዋን ፊደል ትቼ የቀረውን ነው የማስጠብቀው። አንዱ ፕሮግራም በትልቁ ፒ፣ ሌላው በትንሹ ስለሚጽፍ።

ከአንድ በላይ ነገር ማስጠበቅም ይቻላል። ኤስኤስኤች አዲስ ሰርቨር ሲያገኝ መጀመሪያ «ይህን ማሽን ልመነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ የሚያውቀው ከሆነ ግን በቀጥታ ወደ ፓስወርዱ ያልፋል። ሁለቱን በአንድ ዝርዝር አድርጋችሁ ለኤክስፔክት ከሰጣችሁት የትኛው እንደመጣ በቁጥር ይነግራችኋል፤ መልሱን በዚያው ትለያላችሁ።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ዶን ሊብስ የተባለ አሜሪካዊ ኤክስፔክት የሚባለውን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1990 ይፋ አድርጎ ነበር፤ የፒኤክስፔክት ስምም የመጣው ከዚያ ነው። ዊንዶውስ ላይ ግን የውሸት ተርሚናሉ አይሠራም፤ የሊኑክስና የማክ ነገር ነው።

ፓስወርድ ስክሪፕት ውስጥ ጽፎ መተው ደግሞ አይመከርም። ለኤስኤስኤች የሚሻለው ቁልፍ፣ ማለትም በፓስወርድ ፋንታ የሚያስገባ ፋይል፣ ነው። እኔም በመጨረሻ ፒኤክስፔክትን አንድ ጊዜ ብቻ ተጠቀምኩበት፦ ቁልፌን 40ዎቹ ሰርቨሮች ላይ ለመጫን።